የጀርመን ፍልስፍና ሲከብድ የድሮ ፊልም ይከፈት

አንድ ጠፈርተኛ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ባዶው ላይ ተንሳፍፏል። ፊት ለፊቱ ቦምብ አለ። ቦምቡ ያስባል፣ ይናገራልም፤ ለመፈንዳት የቀሩት ደቂቃዎች ጥቂት ናቸው። ጠፈርተኛው መፍቻ አልያዘም። የያዘው ጥያቄ ነው።

መኖርህን በምን አወቅህ? ይለዋል። ቦምቡ ስለማስብ አለሁ ብሎ ይመልሳል። ከአንተ ሌላ ነገር መኖሩንስ? የስሜት መሣሪያዎቼ ይነግሩኛል። መሣሪያዎችህ የሚነግሩህ እውነት ስለመሆኑስ ምን ማረጋገጫ አለህ? እዚህ ላይ ቦምቡ ይያዛል። ጥያቄው ይጥመዋል። ላስብበት ብሎ ወደ መንኮራኩሩ ሆድ ይመለሳል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የጆን ካርፔንተር «ዳርክ ስታር» ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ካርፔንተር ሥራውን ከዳን ኦባነን ጋር የጀመረው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ጠፈርተኛው ይህን ክርክር ከራሱ አላመጣውም። የመከረው የሞተው አዛዡ ነው፤ ሬሳው በቅዝቃዜ ተይዞ አሁንም ትንሽ ትንሽ ይናገራል። ምክሩ አጭር ነበር፦ ፌኖሜኖሎጂ አስተምረው።

ፌኖሜኖሎጂን የመሠረተው ኤድመንድ ሁሰርል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ የምንኖረው ዓለም እንዳለ አምነን ነው። ወንበሩ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ጎረቤቱ አለ። ሁሰርል ይህን እምነት ለጥቂት ጊዜ ቅንፍ ውስጥ አስገቡት ይላል። ካስገባችሁ በኋላ ነገሩ ለእናንተ እንዴት እንደሚታይ ብቻ መርምሩ። የቡና ሲኒ ፊታችሁ አለ እንበል። የምታዩት የፊቱን ጎን ነው። ጀርባው አይታይም። ያያችሁት ግን ግማሽ ሲኒ አይደለም፤ ሙሉ ሲኒ ነው። ያልታየው ጀርባ ከታየው ጎን ጋር አብሮ የመጣው እንዴት ነው? ሁሰርል ዕድሜውን የሰጠው ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው።

ቦምቡ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሲያስብ ቆይቶ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ የሐሰት መረጃ ነው፣ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ ይላል። ብቻውን ጨለማ ውስጥ እንዳለም ያስባል። ከዚያ «ብርሃን ይሁን» ብሎ ይፈነዳል። ሁሰርል ግን በ1913 ባሳተመው መጽሐፉ ዓለምን አልካድኩም፣ መኖሩንም አልተጠራጠርኩም ብሎ በግልጽ ጽፏል። እምነቱን ለጊዜው ሳይጠቀምበት ማቆየት ብቻ ነው የፈለገው። በፍርድ ቤት ቋንቋ ብናገረው፣ ሁሰርል መዝገቡን በቀጠሮ አቆየው፤ ቦምቡ ፍርድ ሰጠበት።

ስለ ከባዱ የጀርመን ፍልስፍና ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ይህን ትዕይንት አነሳለሁ። ሁሰርልን ስጀምር ገጹን ደጋግሜ አንብቤ የያዝኩት ነገር አልነበረም። ቦምቡ የቱ ጋ እንደሳተ ለራሴ ላስረዳ ስሞክር ግን ገጹ ይከፈትልኝ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የጀርመን ፈላስፎችንና የድሮ ሳይንስ ፊክሽን ፊልሞችን አብሬ ነው የማስኬዳቸው።

ምክንያት አለው። እነዚህ መጻሕፍት ከሚከብዱበት ነገር ትልቁ የምሳሌ ድርቅ ነው። አማኑኤል ካንት በ1781 «የንጹሕ አመክንዮ ሂስ»ን ሲያወጣ ምሳሌዎቹን ሆን ብሎ እንደተዋቸው በመቅድሙ ላይ ነግሮናል። መጽሐፉ ያለዚያም ረጅም ነበርና ምሳሌ ቢጨመርበት ከልክ በላይ ያብጣል ብሎ ፈራ። ውጤቱን የራሱ ዘመን ሰዎችም አልቻሉትም። ሞሰስ ሜንደልሶን የሚያህል ፈላስፋ መጽሐፉ የነርቭን ጭማቂ ይጨርሳል ብሎ ለካንት ጽፎለታል። በ1782 ጎቲንገን ላይ የወጣው ግምገማም ካንትን በጣም አስከፋው። በዓመቱ «ፕሮሌጎሜና» የሚባለውን አጠር ያለ መግቢያ መጽሐፍ ጻፈ። ጀርመኖቹ እንዲህ ከተቸገሩ እኛ ገጹን ሦስቴ ብናነብ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የድሮ ፊልም ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምሳሌ ነው። ዝግ ያለም ነው። አንድ ትዕይንት ላይ አራትና አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ዝምታ ይተውላችኋል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ያነበባችሁት አንቀጽ ተመልሶ ይመጣል። የዛሬው ፊልም ይህን ፋታ ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

ወደ ፈላስፎቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ቋንቋ ትንሽ ላውራ። ብዙዎቻችን እነዚህን መጻሕፍት የምናገኛቸው በእንግሊዝኛ ነው። ጀርመንኛ ግን በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስከ ጫፉ መጠበቅ ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ያደግን ነን፤ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡ ሳይመጣ አያልቅም። እንግሊዝኛው ላይ ተቆራርጦ የተምታታባችሁን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። ብዙ ጊዜ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ሌላም ዕድል አለን። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል የሚወደው «አውፍሄበን» የሚባል ግሥ አለ። መሻር፣ ማቆየት፣ ከፍ ማድረግ፤ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ይላል። እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ለዚህ ቃል ከላቲን የተወሰደ፣ መንገድ ላይ ማንም የማይናገረውን ቃል ለማምጣት ተገደዋል። አማርኛ ግን «አነሳ» አለው። «እገዳው ተነሳ» ስንል ተሻረ ማለታችን ነው። «ዝናብ ሳይመጣ ስጡን አንሱት» ስንል እንዳይበላሽ አስገቡት፣ አቆዩት ማለታችን ነው። «ልጁን ከመሬት አነሳችው» ስንል ወደ ላይ ከፍ አደረገችው ማለት ነው። ሄግል አንድ ቃል ተቃራኒ የሚመስሉ ትርጉሞችን ሲይዝ ደስ እንደሚለው ራሱ ጽፏል። አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ «አነሳ»ን ይወደው ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ሄግል። «የመንፈስ ፌኖሜኖሎጂ»ን (ስሙ ይመሳሰላል እንጂ የሁሰርል ፌኖሜኖሎጂ አይደለም) የጨረሰው በኦክቶበር 1806 የና ከተማ ውስጥ ነው። ናፖሊዮን ከተማዋን የያዘው ያን ጊዜ ነበር። ሄግል ንጉሠ ነገሥቱን በፈረስ ሲያልፍ አይቶ የዓለምን ነፍስ አየሁ ብሎ ለወዳጁ ጻፈ። በማግስቱ ጦርነቱ ሆነ። መጽሐፉ በ1807 ታተመ። ሙሉውን ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። በጣም የታወቀው ክፍሉ ግን ከ10 ገጽ ብዙም አይበልጥም። እንግሊዝኛ አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የጌታና የባሪያ ክፍል ይሉታል። ጀርመንኛው «ክኔሽት» ነው የሚለው፤ ለእኛ ጆሮ «ሎሌ» ይቀርበዋል። ስለዚህ ጌታና ሎሌ እንበል።

ታሪኩ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ሌላው ሰው እንዲያውቀው ይፈልጋል። ስሙን ማወቅ አይደለም። በአማርኛ «አንቱ የተባለ ሰው» እንላለን አይደል? ሄግል የሚናገረው እውቅና እዚያ አካባቢ ነው። ሁለቱም አንቱ መባል ይፈልጋሉ፤ አንቱ ማለት ግን አይፈልጉም። ስለዚህ ይጋጫሉ፣ እስከ ሞት ድረስ። አንዱ ሌላውን ቢገድለው ግን አንቱ የሚለውን ሰው ያጣል። ሬሳ አንቱ አይልም። ነገሩ የሚያበቃው አንደኛው ሞትን ፈርቶ እጁን ሲሰጥ ነው። እሱ ሎሌ ይሆናል፤ ሌላው ጌታ።

ሄግል እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ተራ ተረት ይሆን ነበር። አላቆመም። ጌታው አንቱ ተብሏል። ያለው ግን ማን ነው? እንደ ሰው የማይቆጥረው ሎሌ። ከማትቆጥሩት ሰው አፍ የወጣ አንቱታ አያጠግብም። ጌታው ያሸነፈ ዕለት የፈለገውን ነገር አጣ። ከዚያም በላይ፣ ምግቡም ልብሱም በሎሌው እጅ ስለሚያልፍ ከዓለም ጋር በቀጥታ መገናኘቱን ይተዋል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨርሳል። የሚቀርለት ነገር የለም።

ሎሌውስ? ሎሌው ሞትን ፊት ለፊት አይቷል። ከዚያ ወዲህ ይሠራል። እንጨቱን ጠርቦ ወንበር ያደርገዋል፤ እሱ ግን አይቀመጥበትም። ምኞቱን ገትቶ ነው የሚሠራው። ወንበሩ ግን ቆሞ ይቀራል። አንድ ቀን ወንበሩን ሲያየው የራሱን እጅ፣ የራሱን አሳብ ያይበታል። ራሱን በሥራው በኩል ያውቃል። በ«አነሳ» ካየነው ፍርሃቱ ተነስቷል፦ ተሽሯል፣ በውስጡ ቆይቷል፣ ከፍም ብሏል። ይህን ሦስትነት በወንበሩ ላይ ካያችሁት የሄግልን አካሄድ ይዛችኋል።

አሁን ፊልሙን ክፈቱ። «ሜትሮፖሊስ» የተመረቀው ጃንዋሪ 10 ቀን 1927 በርሊን ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ፣ ጸሐፊዋ ባለቤቱ ቴአ ፎን ሃርቡ ናቸው። ድምፅ አልባ ነው። ከተማው ላይና ታች ተከፍሏል። ላይ ጌቶቹ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቅና የአትክልት ቦታ። ታች ሠራተኞቹና ማሽኖቹ። የሠራተኞቹ የግድግዳ ሰዓት ለ10 ሰዓት ፈረቃ የተሠራ ነው፤ 12 ቁጥር የለውም። ጊዜው ራሱ የጌታው ነው።

የከተማው ገዢ ልጅ ፍሬደር ወደ ታች ይወርዳል። 11811 የሚል ቁጥር የተሰጠው ሠራተኛ ደክሞ ሊወድቅ ሲል ያገኘዋል። ልብስ ይለዋወጡና ፍሬደር በቦታው ይቆማል። ማሽኑ ትልቅ የሰዓት ፊት ይመስላል። ዙሪያውን አምፖሎች ይበራሉ፤ ሠራተኛው ሁለቱን ክንዶች አምፖል ወደበራበት መግፋት አለበት። ይበራል፣ ይገፋል። ሌላ ይበራል፣ ይገፋል። መጨረሻ ላይ ፍሬደር ክንዶቹ ላይ ተሰቅሎ ይጮኻል።

ይህን ትዕይንት ስታዩ ስለ ወንበሩ ጠይቁ። ይህ ሰው ፈረቃው ሲያልቅ ምን ሠርቷል? እጁን የሚያይበት ነገር የት አለ? የለም። የሄግል ሎሌ ነፃ የሚወጣበት መንገድ እዚህ ተዘግቷል። ሄግል ያሰበው ሥራ ቅርጽ የሚሰጥ ሥራ ነው። ፍሬደር የቆመበት ሥራ ቅርጽ አይሰጥም፤ ይልቁን ሰውየውን ነው የሚቀርጸው። ካርል ማርክስ በ1844 በጻፋቸው ማስታወሻዎች ሄግልን የተቸው እዚሁ ላይ ነው፦ የሥራን በጎ ጎን ብቻ ነው ያየው አለ። ማርክስን ለመረዳት ከዚህ ትዕይንት የተሻለ በር እኔ አላውቅም።

የጌታው ባዶነትም ፊልሙ ውስጥ አለ። ገዢው ፍሬደርሰን በፎቁ ላይ ቆሞ ሁሉን ያዛል። ሠራተኞቹ ዋናውን ማሽን ሲሰብሩ ግን ከተማው ይጨልማል፣ እሱም ልጁን እየፈለገ የሚጮኽ አባት ብቻ ይሆናል። መጨረሻው ግን አይመቸኝም። ልጁ የአባቱንና የሠራተኞቹን አለቃ እጅ ያጨባብጣል፤ በጭንቅላትና በእጅ መካከል ልብ ማስታረቅ አለበት የሚል መፈክር ይወጣል። ላንግ ራሱም በኋላ ይህን ማለቂያ እንዳልወደደው ተናግሯል። ሄግልን ያነበበ ሰው ማን ማንን አንቱ አለ ብሎ ይጠይቃል። ሠራተኞቹ ከኋላ ተሰልፈው ዝም እንዳሉ ናቸው።

ፊልሙን የምታዩ ከሆነ በ2010 የታደሰውን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚወስደውን ፈልጉ። ከምረቃው በኋላ ብዙ ተቆርጦ ስለነበር ለአሥርተ ዓመታት ሰው ያየው የተጎዳውን ቅጂ ነው። በ2008 ቦነስ አይረስ በሚገኝ የፊልም ሙዚየም ውስጥ ረጅሙ ቅጂ ተገኘ። የተመለሱት ክፍሎች የተቧጨሩ ናቸው። ታሪኩ ግን አሁን ይያያዛል።

ካንት ላይ አጠር ልበል። ዋናው አሳቡ በምጣድ ይገባል። ሊጡ ከውጭ ይመጣል፤ ክብ ቅርጹን የሚሰጠው ምጣዱ ነው። እንጀራውን ያየ ሰው ሊጡ ራሱ ክብ ነበር ቢል ይሳሳታል። ካንት ቦታና ጊዜ፣ መንስኤና ውጤት የእኛ ምጣድ ናቸው ይላል። ዓለም ወደ እኛ ሲመጣ በእነዚህ ተጋግሮ ነው። ከምጣዱ በፊት ነገሩ በራሱ ምን እንደሆነ አናውቅም። ይህ ማለት ግን ሁሉ ቅዠት ነው ማለት አይደለም፤ ሊጡን እኛ አልፈጠርነውም። ባዶ ምጣድ አያበላም፣ ያለ ምጣድም ሊጥ እንጀራ አይሆንም። ካንት አሳብ ያለ ይዘት ባዶ ነው፣ ስሜት ያለ ፅንሰ አሳብ ዕውር ነው ያለው ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ካንት ስለ ሌሎች ዓለማት ነዋሪዎችም ጽፏል። በ1755፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ስለ ሰማይ አካላት ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የፕላኔት ነዋሪዎችን ይገምታል። ከፀሐይ የራቁት፣ የጁፒተርና የሳተርን ሰዎች፣ ከእኛ የረቀቁ ይሆናሉ አለ። በታላቁ መጽሐፉ ውስጥም በአንዱ ፕላኔት ላይ ነዋሪ እንዳለ ያለኝን ሁሉ አስይዤ እወራረዳለሁ ይላል። በከተማው በኮኒግስበርግ ቁጭ ብሎ ይህን ያሰበ ሰው ከሳይንስ ፊክሽን ጋር ባዳ አይደለም።

ለካንት የምሰጠው ፊልም የአንድሬይ ታርኮቭስኪ «ሶላሪስ» ነው፣ የ1972ቱ። ሰዎች አንዲት ፕላኔትን የሸፈነ ውቅያኖስ ለዓመታት ያጠናሉ። ውቅያኖሱ የሚያስብ ይመስላል። ለተመራማሪዎቹ የሚልክላቸው ግን ከራሳቸው ትዝታ የወጡ ሰዎችን ነው። ለዋናው ሰው ለክሪስ ከዓመታት በፊት ራሷን ያጠፋችው ሚስቱ ሃሪ ትመጣለታለች። ወደ ሌላ ዓለም ሄደው ያገኙት ራሳቸውን ነው። አንዱ ሳይንቲስት ሌላ ዓለም አንፈልግም፣ የምንፈልገው መስታወት ነው ይላል። ይህን ሲል ምጣዱን አስቡ። ውቅያኖሱ በራሱ ምን እንደሆነ ፊልሙ እስኪያልቅ አይነገረንም። አለመነገሩ ትክክል ነው።

ወደ ማርቲን ሃይደገር ስንመጣ መጀመሪያ መነገር ያለበት ነገር አለ። በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል፤ የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሬክተርም ነበር። ይህን አውቆ ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ የማነበው ጥያቄዎቹ ከእሱ ስለሚበልጡ ነው።

«ህላዌና ጊዜ» የታተመው በ1927 ነው፣ «ሜትሮፖሊስ» በወጣበት ዓመት። ጥያቄው «መሆን» ምን ማለት ነው የሚል ነው። በጀርመንኛ ሰማዩ ሰማያዊ «ነው» ለማለትም፣ እግዚአብሔር «አለ» ለማለትም አንዱን ግሥ መጠቀም ይቻላል። አማርኛ ላይ ሲደርስ ጥያቄው ለሁለት ይሰነጠቃል፤ «ነው» ሌላ፣ «አለ» ሌላ። የሃይደገር አንባቢ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ በየገጹ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ይችላል። አድካሚ ነው፤ ግን ይጠቅማል።

ሰውን የሚጠራበት ቃል «ዳዛይን» ነው። ቃል በቃል እዚህ መሆን፣ መኖር። ብዙ ተርጓሚ ሳይተረጉመው ይተወዋል። እኔ «አለሁ»ን ይዤ ነው የማነበው። እንዴት ነህ ስንባል አለሁ እንላለን። ድንጋዩም አለ፤ «አለሁ» ማለት ግን አይችልም። ስለ ራሱ መኖር የሚጨነቅበት ነገር የለውም። ለዳዛይን ግን መኖሩ ራሱ ጉዳዩ ነው። ሃይደገር የዚህን መኖር ሥር «ዞርገ» ይለዋል፣ ማሰብ፣ መጨነቅ፣ ግድ ማለት። «አለሁልህ» የሚለውን ቃል አስቡ። መኖርና ለሌላው ግድ ማለት አንድ ቃል ውስጥ ገብተዋል። ዞርገ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ስለ ነገም፣ ስለ ዕቃም፣ ስለ ሥራም ማሰብን ይጨምራል። ግን በሩ ይህ ነው።

ስለ ዕቃ የሚለው ደግሞ በጣም ግልጽ ነው። ምስማር የሚመታ ሰው መዶሻውን አያየውም። እጁ ውስጥ ይጠፋል። የሚያየው ሲሰበር ነው። ያኔ መዶሻው እንግዳ ነገር ሆኖ ፊቱ ይቆማል። የስታንሊ ኩብሪክን «2001፦ ስፔስ ኦዲሲ» (1968) በዚህ ዓይን እዩት። የመጀመሪያው 25 ደቂቃ ገደማ ንግግር የለውም። አንድ ዝንጀሮ መሰል ፍጡር አጥንት ያነሳል፣ ያየዋል፣ ቀስ ብሎ መምታት ይጀምራል። አጥንቱ መሣሪያ ሲሆን እያየን ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ መሣሪያው ሃል 9000 የሚባል ኮምፒውተር ሆኗል። ጠፈርተኞቹ ይበላሉ፣ ይሮጣሉ፤ ሃልን እንደ አየር ነው የሚቆጥሩት። አንድ ዕቃ ሊበላሽ ነው ብሎ ሲናገርና ዕቃው ደህና ሆኖ ሲገኝ ግን ሃል ድንገት ይታያቸዋል። መዶሻው ተሰብሯል።

ሃይደገር በ1953 ሙኒክ ውስጥ ስለ ቴክኖሎጂ ንግግር አድርጓል። የራይን ወንዝ ላይ የተሠራ የኃይል ማመንጫን ያነሳል። ማመንጫው ወንዙ ላይ ተሠራ ከማለት ወንዙ ማመንጫው ውስጥ ገባ ማለት ይቀላል ይላል። ወንዙ የኃይል ክምችት ሆኗል። ይህን ሁሉን ነገር እንደ ክምችት የሚያስቀርብ አተያይ «ጌሽቴል» ይለዋል። ሰውም አይቀርለትም፤ ስለ ሰው እንደ ሀብት፣ ስለ ክሊኒክ ሕመምተኛ እንደ አቅርቦት ይወራል ብሎ ይጠቅሳል። «የሰው ሀብት አስተዳደር» የሚል ጽሑፍ ያለበትን በር ሁላችንም አንኳኩተናል። በፊልሙ ውስጥ ሦስት ጠፈርተኞች በሣጥን ውስጥ ተኝተዋል፤ ጊዜው ሲደርስ ሊወጡ የተቀመጡ ናቸው። ሃል ሲገድላቸው ጩኸት የለም፣ ደም የለም። ሰሌዳው ላይ የሕይወት ሥርዓቱ መቋረጡ ይጻፋል። ጌሽቴልን ከዚህ ሰሌዳ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሴፕቴምበር 1966 ሃይደገር ለ«ዴር ሽፒገል» መጽሔት ቃለ ምልልስ ሰጠ፤ ከሞትኩ በኋላ ይውጣ ብሎ ስለነበር የታተመው በ1976 ነው። እዚያ ላይ ከጨረቃ አካባቢ የተነሳውን የመሬት ፎቶ ሲያይ እንደደነገጠ ይናገራል። ሰው ሥሩ ተነቅሏል አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የኩብሪክ ፊልም ወጣ፤ የሚያበቃውም መሬትን ከሩቅ በሚያይ ሕፃን ነው። አንዱን ያስደነገጠው ዕይታ ለሌላው የታሪኩ ጫፍ ሆነ። ማን ትክክል እንደሆነ ገና እያሰብኩበት ነው።

አነባበቡን በተመለከተ፣ እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ አንቀጹን፣ ከዚያ ፊልሙን፣ ከዚያ እንደገና አንቀጹን ነው። ፊልሙን ካስቀደማችሁ መጽሐፉ የፊልሙ ማብራሪያ ይመስላችኋል፤ አይደለም። በአንድ ምሽት ከሦስት ገጽ በላይ አትሂዱ። ደብተር ያዙ። የአንድምታ መምህራን እንደሚያደርጉት ዓረፍተ ነገሩን ጻፉና ከሥሩ «አንድም» እያላችሁ የገባችሁን ሁሉ አስቀምጡ። ሁለተኛው «አንድም» ከመጀመሪያው ቢጣላ አትሰርዙት። ሃይደገርን በ«ህላዌና ጊዜ» አትጀምሩ፤ የቴክኖሎጂው ንግግር አጭር ነው። ካንትን በ«ፕሮሌጎሜና»፣ ሄግልን በጌታና ሎሌ ጀምሩ። «ሶላሪስ» ውስጥ አንድ መኪና በቶኪዮ መንገዶች ላይ ለደቂቃዎች ዝም ብሎ የሚነዳበት ትዕይንት አለ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያሳልፈዋል። አታሳልፉት።

ለመጀመሪያው ምሽት ግን ወደ ቦምቡ ተመለሱ። «ዳርክ ስታር» አንድ ሰዓት ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ቦምቡ ላስብበት ብሎ ወደ መንኮራኩሩ ሆድ ሲመለስ ፊልሙን አቁሙት። ደብተሩን ክፈቱ። ጠፈርተኛው ሊነግረው ያልቻለውን፣ ቅንፍ ማድረግና መካድ የሚለያዩበትን ነገር፣ ለቦምቡ በአማርኛ ጻፉለት። ስትጨርሱ ፊልሙን ቀጥሉ።